አደራን ለማን?

አጎቴ ሊሞት ሲል «ቡችላዋን» ብሎኝ፣
አደራ አልኳት ስሟን፣ ቃሉ እየከበደኝ።
ማንም ሳያስተምራት፣ ስምንት ወር ሲሞላት፣
የቆቅ መንገድ ሁሉ በአፍንጫዋ ገባት።

ከሰላ ድንጋይ ግርጌ፣ ሞፈር ውሃ አፋፍ ላይ፣
ገብሱ ተሰብስቦ ቃርሚያው ብቻ ሲታይ፣
ጅራቷ ቀጥ አለ፤ አንድ እግሯን አንሥታ
ቆመች እንደ ችካል ትንፋሿን ገትታ።
ከዚያ ዘለለችበት።
ይዛልኝ ስትመጣ አንገቱ ዘንበል ብሏል፤
ቢላዋ ሳይነካው፣ በስመ አብ ሳይባል ሞቷል።
የጥርስ ግዳይ ደግሞ በማን ቤት ይበላል?
ባለቤቴ ዝም ብላ ድስቷን አወረደች፣
ቁሌቱን ለብቻው ለራት አቀረበች።

ያን ማታ በግቢው የሆነውን ልዝለል።

«ሙያተኛ ፈልግ» አለኝ ወፍጮ ቤቴ የመጣ ሁሉ፣
የራሱን በሬ ያልገራም መካሪ ነው ባመሉ።

ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀርባ፣
ሃምሳ አለቃ ደምሰው ግቢ ቅዳሜ ጧት ስገባ፣
ግድግዳው ላይ ምስክር ወረቀት፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ፤
«በአሥራ አምስት ቀን» አለኝ፣ ጊዜውን በጣቱ ሲለካ።
ሲነፋ ውሻው ቁጭ ይላል፣ ሲነፋ ይቆማል፤
እንዲህ ያለ ሙያ የት አገር ይገኛል?
ቀብዱን ልከፍለው ብዬ ኪሴን ስዳስስ፣
እሱ የዘመመ ባርኔጣውን ሊመልስ
እጁን ብድግ አደረገ።
ውሻው በሆዱ ተኛ። ዐይኑን ጨፈነ።
ብሩን ወደ ኪሴ መልሼ ከተትኩት፤
«ሚስቴን ላማክር» ብዬ ደህና ዋል አልኩት።

ጣርማ በር ላይ ደግሞ አጎናፍር የሚሉት አለ፤
«ውሾችህን አሳየኝ» ስለው፣ «እንዲህ ጉም ካለ
ሽታ አይለዩም፤ ሲገፈፍ ተመለስ።
ቀብዱን ግን አሁን ተውልኝ።»
እንግዲህ ልጠብቅ፣
የጣርማ በር ጉም እስኪገፈፍ ድረስ!

መዘዞ ላይ ሴት አለች ሲሉኝ ሳቅሁ መጀመሪያ።
ወርቅያንጥፉ ይሏታል፤ ከአባቷ ነው የወረሰችው መተዳደሪያ።
ዋጋዋን ጠየቅኋት፤ አራት ሺህ በወር፤
ስከራከራት ዝም፣ ጎመን ትከትፍ ነበር።
ከውሾቿ አንዱን ጠርታ ጥሬ እንቁላል አቀበለችው፤
ግቢውን ዞሮ መጥቶ መልሶ መዳፏ ላይ አኖረው።
ገልበጥ አድርጌ አየሁት፤ ስንጥቅ የለው፣ ጭረት የለው፤
ምራቅ ብቻ።

«ያንተዋ ስታጠፋ ምን ታደርጋለህ?» አለች።
«ምንም» አልኳት።
«እሺ።»
ዝንብ መጣችብኝ። ላባርራት እጄን ሳነሣ፣
አደራዬ በሆዷ ተኛች።
ዐይኗን ጨፈነች።

ቢላዋው ጎመኑ ላይ ቆመ።
ያን ማታ፣ የዘለልኩትን፣ እንግዲህ ልናገር፦
በተበጠሰ የወፍጮ ቺንጊያ ነበር።
የመጀመሪያም አልነበር።

አልተቆጣችኝም፤ እሱ ነው የባሰው።
«ትቆይ» አለች። «አፏ ይለዝባል፤ የፈራ መንጋጋ ነው የሚጨብጥ።
አንተ ግን…» ያንን እንቁላል እጄ ላይ ስታስቀምጥ፣
«እስከ ቤትህ በእጅህ፣ ኪስ ውስጥ እንዳትከተው።
ቅዳሜ ይዘኸው ና። ዱላህን ከዚያው ተወው።»

ከበሩ ስወጣ ዞር ብዬ አየኋት፤
አንድ እግሯን አንሥታ ቆማለች፤ እኔን ነው ያሸተተች፣
እንደ ቆቅ፤ ትቅረብ ትሽሽ እያመዛዘነች።

ሚኒባሱ ይዘላል። ኮረኮንቹ አያልቅም።
አንዱ እጄ ወንበር ይዟል፤ ሌላውን አልጨብጥም፣
አልዘረጋም።
ከጎኔ ያለው ሰው፣ ጋቢውን እንደ ተከናነበ፣
«ጣትህን አመመህ እንዴ?» አለኝ፤ ፊቴን አነበበ።
«አደራ ነው» አልኩት።
ጠጋ አለልኝ።